ሳቅና ሥልጣን፦ በጣና ዙሪያ ካሉ አንባቢያን ለደረሱ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትም በዚሁ አምድ ላይ፣ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ለሚገኙ የንባብ ክበባት፣ ዕድሮችና ትምህርት ቤቶች ስለ ክልላችንና ስለ አገራችን ፖለቲካ ንግግር ለማድረግ ፈቃደኛ መሆኔን ገልጬ ነበር። ፖለቲካን በጨዋታ እያዋዛ የሚጽፍ ሰው በአካል ሲቀርብ ምን እንደሚል ለማወቅ የፈለጉ፣ የተጠራጠሩ፣ የተቆጡም ጭምር ጽፈውልኛል። ደብዳቤዎቹን ሁሉ አንብቤያለሁ። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትቼ፣ ሳይውል ሳያድር መልስ ያስፈልጋቸዋል ያልኋቸውን ከዚህ በታች አቅርቤያለሁ።

ጥያቄ፦ በሽምብጥ አካባቢ የምኖር የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። የንባብ ክበባችን እርስዎን ስለ መጋበዝ ሲመክር አንድ ባልደረባችን «የክልል ፖለቲካ፣ የአገር ፖለቲካ እያሉ መለየት ምን ይጠቅማል? ለገበሬውም ሆነ ለከተሜው መንግሥት ያው አንድ መንግሥት ነው» ብሎ ተከራከረ። ተማሪዎቻችንም ይህንኑ ይጠይቁናል። በንግግርዎ ላይ ሁለቱን የሚለዩት እንዴት ነው? ለምንስ ይለያሉ?

መልስ፦ የባልደረባዎ ሐሳብ የብዙ ሰው ሐሳብ ስለሆነ በቁም ነገር መመለስ አለበት። ሰው መንግሥትን የሚያውቀው በሚደርስበት ነገር ነው፤ የግብር ማስታወቂያ ሲመጣለት፣ የማዳበሪያ ወረፋ ሲጠብቅ፣ የልጁ ትምህርት ቤት ሲዘጋ «መንግሥት» ይላል እንጂ የትኛው ምክር ቤት የትኛውን ሕግ እንዳወጣ አይመረምርም። ይሁን እንጂ አለመለየታችን ዋጋ ያስከፍለናል። ጉዳዩ በማይመለከተው ቢሮ ደጃፍ የቆመ ባለጉዳይ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል፤ ጉዳዩ የሚመለከተው ሹም ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ይውላል። ንግግሬን የምጀምረው ከዚህ ነው።

በባሕር ዳር ስናገር ምሳሌዬ ሁልጊዜ ጣና ነው። የፌዴራልና የክልል ሥልጣን የት እንደሚገናኝና የት እንደሚለያይ ከእርሱ የተሻለ የሚያሳይ አላገኘሁም። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር በአማራ ክልል ውስጥ ይገኛል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 መሬትንና ሌሎች የተፈጥሮ ሀብቶችን የማስተዳደር ሥልጣን ለክልሎች ይሰጣል፤ የሚያስተዳድሩት ግን የፌዴራሉ መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት ነው። በከተማችን ጫፍ ከሐይቁ የሚወጣው ዓባይ ደግሞ ክልል አቋርጦ፣ የአገር ድንበርም ተሻግሮ ስለሚሄድ፣ በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 11 መሠረት የውኃውን አጠቃቀም የሚወስነውና የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 380 ሜትር በሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ቆሞ ሐይቁንና ወንዙን የሚመለከት ሰው ሁለት መንግሥታት ኃላፊነት የሚካፈሉበትን ውኃ እየተመለከተ ነው።

የእምቦጭ አረም በጣና ላይ መታየቱ በ2004 ዓ.ም. ሲታወቅ ይህ ክፍፍል ከሕግ መጽሐፍ ወጥቶ በሰው ኑሮ ላይ ወረደ። ዳርቻውን ማን ይጠብቅ? የአረም ማስወገጃ ማሽኑን ማን ይግዛ፣ ማንስ ያሠራው? ገንዘቡ ከየትኛው ካዝና ይውጣ? እነዚህ ጥያቄዎች በየስብሰባው ሲንከባለሉ፣ በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ያሉ ገበሬዎች ውኃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው ይነቅሉ ነበር። በንግግሬ ላይ «ሐይቁ የክልል፣ ወንዙ የፌዴራል፣ አረሙ የገበሬው ሆነ» የምለው ይህንን ለማስታወስ ነው። አዳራሹ ይስቃል። ሳቁ ሳይበርድ ወደ አንቀጾቹ እመለሳለሁ፤ ሰው አንድን አንቀጽ ለዓመታት የሚያስታውሰው በሳቀበት ወይም በተቆጨበት ቅጽበት ሲሰማው እንደሆነ በተደጋጋሚ አይቻለሁና።

ማዳበሪያም እንዲሁ ነው። ከውጭ አገር ግዥው የሚፈጸመው በማዕከል ነው፤ ወደ ዞንና ወደ ወረዳ የማድረሱና የማከፋፈሉ ሥራ ደግሞ በክልሉ መዋቅር፣ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ያልፋል። በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ላይ እጥረቱ ገበሬዎችን እስከ ባሕር ዳር ድረስ አስመጥቷቸው እንደነበር የከተማው ሰው ያስታውሳል። ገበሬው ከዚህ ሁሉ ሰንሰለት በዓይኑ የሚያየው የመጨረሻውን ሰው፣ መጋዘኑን የሚከፍተውን ሠራተኛ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከእርሱ ጋር ይጣላል። የግዥውን ውሳኔ ያዘገየ ካለ ግን በዚያ ጠብ ውስጥ ስሙ እንኳን አይነሳም።

ለተማሪዎችዎ አንድ ጥያቄ አቅርቡላቸው፤ ለወላጆቻቸው እንዲያደርሱት ጭምር። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ድምፅ የሰጠ ሰው የተቀበለው ሁለት ወረቀት ነው፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች ሲኖሩት 138ቱ ከአማራ ክልል ለሚመረጡ ናቸው። በሁለተኛው ወረቀት ላይ ማንን እንደመረጡ የሚያስታውሱ ስንት ናቸው? በአዳራሽ ስጠይቅ የሚነሱት እጆች ሁልጊዜ ጥቂት ናቸው። የክልል ፖለቲካን ከአገር ፖለቲካ መለየት የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ወረቀት እንዳይረሳ ነው። መሬታችንን የሚለካው፣ የሠፈራችንን ፖሊስ የሚያዝዘው፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችንን የሚያስተዳድረው መዋቅር ተጠሪነቱ በዚያ ወረቀት ለተመረጡት ሰዎች ነውና።

ጥያቄ፦ የየትኛው ፓርቲ አባል ነዎት? ለንግግሩስ ምን ያህል ይከፈልዎታል?

መልስ፦ የማንም ፓርቲ አባል አይደለሁም፤ ሆኜም አላውቅም። ከዕድር፣ ከንባብ ክበብና ከትምህርት ቤት ክፍያ አልቀበልም። የመጓጓዣዬን እኔው እችላለሁ። ፓርቲዎች ሲጋብዙኝ የምሄደው ተቃራኒ ሐሳብ ያለው ሰው በዚያው መድረክ፣ እኩል ሰዓት ተሰጥቶት እንዲናገር ከተስማሙ ብቻ ነው። ይህን የጠየቁኝ አንባቢ መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ ስለ ሥልጣን የሚናገር ሰው ሁሉ ከመናገሩ በፊት ይህን መመለስ አለበት።

ጥያቄ፦ በዓባይ ማዶ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ዘመዶቻችን ባሉበት ገጠር መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ልጆች ከትምህርት ገበታ ከቀሩ ዓመታት ተቆጠሩ። ቤቱ ሐዘን ያልገባበት ሰው ጥቂት ነው። እርስዎ ግን በዚህ ሁሉ መካከል በፖለቲካ ላይ ሰው ያስቃሉ ሲባል እሰማለሁ። ይህ ነውር አይደለም ወይ? አዝኜ ነው የምጠይቅዎት።

መልስ፦ እመቤቴ፣ ደብዳቤዎ ከደረሱኝ ሁሉ የከበደኝ ነው፤ ብዙ ጊዜም አንብቤዋለሁ። የሚሉት ነውር በእርግጥ አለ፤ በሰው ሐዘን ላይ የሚሳቅ ሳቅ ነውር ነው። እኔ በሞተ ሰው፣ ከቀዬው በተፈናቀለ ሰው፣ በማንም ሕዝብ አነጋገር፣ በማንም ሃይማኖት ላይ አልቀልድም። ይህንን መመሪያ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከስሕተቴ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በአንዲት አነስተኛ ከተማ ስናገር፣ የአንድን ሹም ንግግር ለመተቸት ብዬ የገጠሩን ሰው አነጋገር አስመሰልሁ። አዳራሹ ሳቀ። ንግግሩ ሲያልቅ አንድ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ቀርበው «ሹሙን ልትነካ ብለህ እኛን ነካኸን» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም፤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ጨዋታ ከመናገሬ በፊት ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ይህ ሳቅ የሚያርፈው ሥልጣን ባለው ላይ ነው ወይስ ሥልጣን በሌለው ላይ?

የአገራችን የቆየ ልማድም ይህንን ጥያቄ ያውቀዋል። ነገሥታቱና መኳንንቱ የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር። እረኛው በግጥሙ፣ አዝማሪው በመሰንቆው የተናገረው ቀልድ የሚመስል ነገር፣ በግልጽ ቢነገር አንገት የሚያስቆርጥ አቤቱታ ነበረ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት ዘመን የማይከሰሰው ንጉሥ በሰምና ወርቅ ይከሰስ ነበር ማለት ነው። ሰሙ ለሚስቀው፣ ወርቁ ለሚያስበው።

እርስዎ ካሉበት ሐይቅ በምሥራቅ በኩል፣ በፎገራ የተወለዱትን አለቃ ገብረ ሐናን ያስቡ። ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ብቻ ነው፤ እኔ ግን በየንግግሬ ሳላነሳው የማላልፈው ሌላው ማንነታቸው ነው። አለቃ አስቀድመው ሊቅ ነበሩ። በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን ዜማ ከአካል እንቅስቃሴ ጋር የሚቀርብበት ሥርዓት፣ የእርሳቸው ሥራ ነው፤ የዝማሜውን እንቅስቃሴ ከጣና ማዕበልና በዳርቻው ከሚወዛወዘው ደንገል እንደወሰዱትም ይነገራል። ነገሥታትና መኳንንት ፊት ቀርበው የሚያስቅ ግን የሚያም ነገር መናገር የቻሉት ዕውቀታቸው ስለሚታፈር ነው። ያለ ዕውቀት የሚነገር ቀልድ ሹሙን ፈገግ አሰኝቶ ያልፋል፤ በዕውቀት የተነገረ ግን ሹሙ ቤቱ ገብቶ እንቅልፍ እንዲነሳው ያደርጋል።

ሌላም ልጨምርልዎ፤ ምናልባት አያትዎ ያዩት ይሆናል። በላ ልበልሃ በሚባለው የቀድሞው የሙግት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው፣ ኩታቸውን እያስተካከሉ፣ በትራቸውን እየወዘወዙ፣ ነገራቸውን በግጥምና በምሳሌ ያቀርቡ ነበር። በማርና በበቅሎ ይወራረዱ ነበር። የተሰበሰበው ሰው በአንደበተ ርቱዑ ይደሰታል፣ ይስቃል፤ ይሁን እንጂ የሚከራከሩበት ርስት፣ ደም፣ የሰው ክብር ነበረ። የነገሩ ክብደትና የአነጋገሩ ውበት አብረው ይሄዱ ነበር። ጨዋታ የነገሩን ክብደት ይቀንሳል የሚለው ሐሳብ ወደ እኛ ዘንድ የመጣው በኋላ ዘመን ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ እቀበልዎታለሁ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የሐይቅ ዳር ሰው ይህንን ከማንም በላይ ያውቃል። ሰውን አስቆ የሚያስረሳ፣ ቁጣውን አብርዶ ወደ ቤቱ የሚሸኝ ንግግር አለ፤ እንዲህ ዓይነቱ ንግግር ሥልጣን ላይ ላለው ሰው ትልቅ አገልግሎት ነው። ስለዚህ ንግግሬን በሳቅ አልጨርስም። ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት የሚቀረው ለአድማጩ ጥያቄ ነው፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደ እርስዎ ያለች እናት ተነሥታ ስለ ልጆቿ ትምህርት ስትናገር እኔ አልቀልድም፣ አላዋዛም፤ የምትለውን እጽፋለሁ። በአምዴም ላይ በቀጣዩ ወር አወጣዋለሁ። ቢመጡ ደስ ይለኛል። ካልሳቁም አልቀየምም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በፔዳ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ ፖለቲካ የሚያስቅም የሚያሳስብም ነገር መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ስጽፍ ግን ወይ ስድብ ይሆንብኛል፣ ወይ ደግሞ እንደ ስብሰባ ሪፖርት ይደርቅብኛል። ከየት ልጀምር? በንግግርዎ ላይ ይህንንም ያስተምራሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱም ችግር ያለባቸው ጽሑፎች የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ነገሩን በቅርብ ካለማየት። ሩቅ የቆመ ሰው ወይ ይሰድባል፣ ወይ የተነገረውን ይደግማል።

መጀመሪያ የቢሮን አማርኛ አጥኚ። የሹሞቻችንን ንግግር ስትሰሚ ግሦቹን ተከታተያቸው፦ «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ «ክፍተቶች ተስተውለዋል»፣ «በትኩረት እየተሠራ ነው»፣ «ርብርብ እየተደረገ ይገኛል»። በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አድራጊው የለም። አቅጣጫው ተቀምጧል፤ ማን አስቀመጠው? ክፍተቱ ተስተውሏል፤ ማን አስተዋለው፣ ማንስ ፈጠረው? አማርኛ ከግሡ አካል ላይ ማን እንዳደረገው የሚታወቅበት ቋንቋ ነው፤ «አስቀመጥሁ» ያለ ሰው አንድ ቃል ብቻ ተናግሮ ኃላፊነቱን ወስዷል። «ተቀምጧል» ሲል ግን ከኃላፊነቱ ሾልኮ ወጥቷል። ለአንድ ሳምንት የሰማሽውን መግለጫ ሁሉ ጽፈሽ፣ እያንዳንዱን ግሥ አድራጊው ወደሚታወቅበት መልክ ለውጪው። አድራጊውን ስታጪው፣ እዚያ ላይ የምትጽፊው ነገር አግኝተሻል። ስድብ አያስፈልግሽም፤ ጥያቄው ብቻውን ይበቃል።

ቀጥሎ ቅኔ ስሚ። ከባሕር ዳር ብዙ ሳትርቂ፣ ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ትምህርታቸው አገር ያወቃቸው ጎጃም ውስጥ ነው ያለሽው። የቅኔ ተማሪ አንድን ቃል ሁለት ትርጉም እንዲሸከም ለማድረግ ቀናትን ያሳልፋል፤ በበነጋው መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ካልቀና ይነገረዋል። ያንን ትዕግሥት ነው እንድትወስጂ የምፈልገው። ግእዙን ባትማሪ እንኳን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ዐሥር ጊዜ መልሶ መጻፍን ልመጂ።

ከዚያ ሕጉን አንብቢ። ስለ ክልል ምክር ቤት የምትጽፊ ከሆነ በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለውን የክልሉን ሕገ መንግሥት ሳታነቢ አትጻፊ። የክልሉ ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለዋግ ኽምራና ለኦሮሞ ብሔረሰቦች የራሳቸው ምክር ቤት እንዳቋቋመ የማያውቅ ሰው ስለ ክልሉ ፖለቲካ ሲቀልድ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ክልሉን አንድ ዓይነት ሰው ብቻ የሚኖርበት አድርጎ ይጽፋል። ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012ንም እወቂው። አዋጁ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን ሆን ብሎ የሚያስፋፋ ንግግርን ይከለክላል። ሕጉ ባይኖር እንኳን ለዚህ ሥራ የሚመጥን ሰው ያንን መንገድ አይሄድበትም፤ ነገር ግን ወሰኑ የት እንደሆነ ማወቅሽ ከፍርሃት ያወጣሻል። ፍርሃት ያለበት ጽሑፍ ደግሞ ይታወቃል።

አዎ፣ ይህንንም አስተምራለሁ። ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ የአንባቢን ጥያቄ እየተቀበለ ሲመልስ አገር በሙሉ ጋዜጣ እንዲያነብ አድርጎ ነበር። ከእርሱ የተማርሁት ትልቁ ነገር የአንባቢን ጥያቄ አለመናቅን ነው። የጻፍሽውን ይዘሽ ነይ፤ ከንግግሩ በፊት አንድ ሰዓት አስቀድሜ እገኛለሁ፤ አብረን እናየዋለን።

ጥያቄ፦ በጎርጎራ የምንኖር የዕድር አባላት ነን። ሰብሰብ ብለን ስለ ፖለቲካ ንግግር ብንሰማ ችግር ይመጣብናል ብለን ሠጋን። ፈቃድ ያስፈልገናል ወይ?

መልስ፦ ሥጋታችሁ ከምንም የመጣ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ስብሰባዎች ተገድበው እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በመደበኛው ጊዜ ግን መሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ነው፤ ሰው ያለ መሣሪያ በሰላም የመሰብሰብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 3/1983 አዘጋጁ ከ48 ሰዓት በፊት ለአካባቢው አስተዳደር በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚለው ማሳወቅ ነው። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ሰዓቱ እንዲለወጥ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ሊጠይቅ ይችላል፤ በማንኛውም ቦታና ጊዜ አይደረግም ማለት ግን አይችልም።

እኔ የምመክራችሁ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅታችሁ፣ አንዱን አስገብታችሁ፣ ሁለተኛው ላይ የተቀበላችሁን ሰው ፊርማና ቀን አስፈርማችሁ እንድትይዙ ነው። የወረዳው አስተዳዳሪም ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ከፊት ለፊት ወንበር ይያዝላቸው። የምናገረው በሌሉበት የሚነገር ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ በዘጌ የምኖር ሽማግሌ ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህንን ደብዳቤ የጻፈልኝ የልጅ ልጄ ነው። ንግግሩ ለተማረ ሰው ብቻ ነው? ጆሮዬም ደከም ብሏል፤ ባሕር ዳር ድረስ በጀልባ መጥቼ ሳልሰማ እንዳልመለስ ብዬ ነው።

መልስ፦ አባቴ፣ እርስዎ ወደ እኔ አይመጡም፤ እኔ ወደ እርስዎ እመጣለሁ። በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሬ፣ በቡናው ጥላ ሥር ከጎረቤቶችዎ ጋር እንቀመጣለን። እንዲህ ባለ ቦታ ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም፤ እኔ ከጎንዎ እሆናለሁ።

ንግግሩ ፊደል ለቆጠረ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔ ራሴ ብዙውን ነገር ባልተማርሁት ነበር። በምናገርባቸው ገጠሮች ሁሉ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የምሰጠው ለአገሬው ሰው ነው፤ መሬት ሲለካ ማን እንደተገኘ፣ ግብር ሲጨመር ማን እንደነገራቸው፣ የቀበሌ ስብሰባ ተጠርቶ የመከሩት ነገር በኋላ የት እንደደረሰ ይነግሩኛል። ስለ ክልልም ሆነ ስለ አገር የምናገረው ነገር የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይናገራል። አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ የመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። እነዚህን ሁለት አንቀጾች በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ይዣቸው እመጣለሁ።

የልጅ ልጅዎ አንቀጾቹን ጮክ ብሎ ያንብብልን። ከዚያ እርስዎ፣ ስለ ዘጌ የተወሰነ ነገር ሁሉ በማን እንደተወሰነ የሚያውቁትን ይንገሩን። እኔ ከእርስዎ በኋላ እናገራለሁ። የትኛው ቀን እንደሚመችዎ በልጅ ልጅዎ በኩል ይጻፉልኝ፤ የቡና ለቀማ ጊዜ እንዳይሆን ብቻ።